የሞሪስ ማይነር ባለ ክንድ አሞርዛተር ዘይት ያፈሳል፤ በሥርዓት የሚያድሰው ማነው?

ሞሪስ_ፒያሳ · ሰኞ፣ ማታ 2:15

ሰላም ለሁላችሁ። ከአባቴ የወረስናት ሞሪስ ማይነር አለችን። «1000» የሚባለው ሞዴል ናት፤ ሞተሯ 948 ሲሲ፣ ምርቷ እ.ኤ.አ. 1959። መሪዋ በቀኝ ነው፤ አገራችን በ1956 ዓ.ም. መንገዱን ከግራ ወደ ቀኝ ከማዞሯ በፊት የገባች ናት። ሞተሯ አንደኛ ነው። ካምቢዮዋም አይታማም። ያስቸገረኝ የፊት አሞርዛተሯ (መወዛወዟን የሚያረጋው ዕቃ) ነው።

ፍሬን ስይዝ አፍንጫዋ ይደፋና ቶሎ አይረጋም። ከማዘጋጃ ቤት ቸርችል ጎዳናን ይዤ ስወርድ፣ መብራት ላይ ከቆምኩ በኋላም ትወዛወዛለች። ኮብልስቶን ላይ ደግሞ ከቀኝ የፊት ጎማ በኩል ቋ ቋ የሚል ድምፅ ይሰማል። ጎማውን አውልቄ ሳየው የአሞርዛተሩ ቦዲ በዘይትና በአቧራ ተለውሷል። የሚያፈሰው ክንዱ ወደ ውስጥ ከሚገባበት ቦታ ነው።

ጋራዥ ወሰድኳት። አንዱ ዘይት ሞልቶ ሰጠኝ፤ ሳምንት ሳይሞላው ተመልሶ ጎደለ። ሌላው «የዚህ ዕቃ የለም፤ ይጣልና የቶዮታ አሞርዛተር እንበይድበት» አለኝ። መጣሉን አልፈልግም። ቦዲው ሙሉ ነው፣ ስንጥቅ የለበትም። ይህን ሥራ የሚያውቅ ቶርኖ ቤት (ብረት በማሽን የሚቆርጥ) ወይም መካኒክ መሀል ከተማ ውስጥ አለ? ምን ዓይነት ኦይል ሲል (ዘይት እንዳያፈስ የሚዘጋ የላስቲክ ቀለበት)፣ ምን ዓይነት ዘይት ነው የሚፈልገው?

---

ጎማ_በጎማ · ሰኞ፣ ማታ 2:50

እህቴ አትጨነቂ። ያንን ቀጭን ዘይት አውጪና 90 ቁጥር የካምቢዮ ዘይት ሙዪበት። ወፍራም ስለሆነ ቶሎ አያፈስም፣ ጠንከርም ያደርግልሻል። እኛ ሰፈር ብዙ ሰው እንደዚህ ነው የሚያደርገው።

---

አንጋፋ_መካኒክ · ሰኞ፣ ማታ 4:05

ልጄ፣ 90 እንዳትሞዪበት። ምክንያቱን ላስረዳሽ።

ያንቺ አሞርዛተር አርምስትሮንግ የሚባለው የእንግሊዝ ሥራ ነው። ውስጡ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ሲሊንደሮችና ሁለት ፒስተኖች አሉ። ጎማው ሲነሳ ክንዱ ሻፍቱን (የተያያዘበትን ዘንግ) ያዞረዋል። ሻፍቱ አንዱን ፒስተን ሲገፋ ሌላውን ይስባል። ዘይቱ ከአንዱ ሲሊንደር ወደ ሌላው የሚያልፈው በጠባብ ቫልቭ ብቻ ነው። መርፌ ሲወጋ መድኃኒቱ በቀጭኗ ቀዳዳ ተጨንቆ እንደሚወጣው ማለት ነው። መኪናዋን የሚያረጋት ያ መጨናነቅ ነው። ቫልቩ ላይ ያሉት ሞላዎች አንዱ ለመውጣት፣ አንዱ ለመመለስ የተመጠኑ ናቸው። የተመጠኑትም ለቀጭን ዘይት ነው፤ በዘይት ውፍረት መለኪያ ኤስኤኢ 20 አካባቢ። 90 ከሞላሽበት በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ጠዋት ክንዱ ድርቅ ይላል። ጎማው ጉድጓዱን ተከትሎ መውረድ ያቅተዋል። ጉልበቱ ሁሉ ወደ ሻፍቱና ወደ ብሎኖቹ ይሄዳል።

ፍሳሹንም አያቆመውም። ዘይቱ የወጣው ቀጭን ስለሆነ አይደለም። ሻፍቱ ቀዳዳው ውስጥ ስለላላ ነው። የላላ ሻፍት ሲሉን ጎን ለጎን ይደበድበዋል፤ በዚያ ሁኔታ ምንም ዓይነት ሲል አይቆይም።

ከዚህ የሚብስ ነገር አለ፤ ሁሉም ሰው ልብ እንዲለው እፈልጋለሁ። በሞሪስ ማይነር የፊት እግር ላይ የአሞርዛተሩ ክንድ ራሱ የላይኛው ክንድ ነው። ሌላ የላይ ክንድ የለም። ከታች የታችኛው ክንድና ቶርሽን ባሩ (እየተጠመዘዘ እንደ ሞላ የሚሠራው ዘንግ) አለ፤ ከላይ ጎማውን ቀጥ አድርጎ የያዘው አሞርዛተሩ ነው። ሻፍቱ ከላላ የጎማው አናት ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይጫወታል። መሪው ይንከራተታል። ፍሬን ስትይዢ ትጎተቺያለሽ። ስለዚህ ያንቺ ጉዳይ የምቾት ብቻ አይደለም።

እስቲ ይህን አድርጊ። ቀኙን በክሪክ አንሺው። አንድ ሰው የጎማውን አናትና ግርጌ ይዞ ይነቅንቅ። አንቺ ክንዱ ከቦዲው የሚወጣበትን ቦታ በባትሪ ብርሃን እዪ። ሻፍቱ ራሱ ቀዳዳው ውስጥ ከተነቃነቀ በሽታው ተገኘ። እሱ ሳይነቃነቅ ጎማው ከተነቃነቀ ትራኒየኖቹን (መሪ ሲዞር ጎማ ተሸካሚው የሚዞርባቸውን መገጣጠሚያዎች) ወይም የጎማ ኩሽኔታውን ጠርጥሪ። የሞሪስ ትራኒየን በጥርስ የሚዞር ነው፤ ግራሶ ካልጠጣ ጥርሱ ይበላል፣ አንድ ቀን ደግሞ ጎማው ይታጠፋል። እሱን ሳታዪ አሞርዛተር ላይ ብር አታውጪ።

---

ሞሪስ_ፒያሳ · ማክሰኞ፣ ከሰዓት 10:30

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዳሉት አደረግሁ። ወንድሜ ጎማውን ነቀነቀ፣ እኔ በባትሪ አየሁ። በቀኝ በኩል ሻፍቱ በግልጽ ይነቃነቃል፤ በተነቃነቀ ቁጥር በጠርዙ የዘይት ጠብታ ብቅ ትላለች። ትራኒየኑ ደህና ይመስላል፤ አባቴ ግራሶ አይረሳም ነበር። የግራው አሞርዛተር እርጥብ ነው፣ ግን አይነቃነቅም። ቋ ቋ የሚለው እንግዲህ ይኸው ሻፍት ነው ማለት ነው?

---

አንጋፋ_መካኒክ · ማክሰኞ፣ ማታ 1:10

ነው። ግራውንም አብረሽ አሠሪው። አንድ ጎን አዲስ፣ አንድ ጎን አሮጌ ከሆነ መኪናዋ ኩርባ ላይ ሁለት ዓይነት ጠባይ ታሳይሻለች።

---

ካዛንቺስ_ጋራዥ · ማክሰኞ፣ ማታ 1:45

ጥሩ ምክር ነው። ግን እውነቱን እንናገር፤ የዚህን መኪና መለዋወጫ ፍለጋ ሰው ዕድሜውን ይጨርሳል። ሶማሌ ተራ ገብተሽ ቱቦ ቅርጽ ያለውን አሞርዛተር በየሱቁ ታገኛለሽ። ከላይም ከታችም መያዣ ተበይዶ ቢገባ ምን ይጎዳል? ሲበላሽ አውልቆ መቀየር ነው።

---

በርሚንግሃም_ሐበሻ · ማክሰኞ፣ ማታ 3:20

ካዛንቺስ፣ ሐሳብህ ይገባኛል። እዚህ እንግሊዝም ሞሪስን ወደ ቴሌስኮፒክ (አንተ ወዳልከው ቱቦ ቅርጽ) የሚቀይሩ አሉ፤ ለዚሁ የተዘጋጀ ኪት ይሸጣል። ግን ጋሼ ያሉትን ልብ በል። ከፊት ቴሌስኮፒክ ስታስገባም አሮጌው አሞርዛተር ከቦታው አይወጣም። ላይኛው ክንድ እሱ ስለሆነ እዚያው ይቀራል፤ ዘይቱ ወይም ቫልቩ ብቻ ከሥራ ይወጣል። ስለዚህ የላላ ሻፍት ካለህ እንደላላ ይቀራል። አዲሱ አሞርዛተር መወዛወዙን ይቀንሳል፣ ጎማው ግን ይነቃነቃል። ብየዳው ላይ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። የመኪናዋ ቆርቆሮ ያ ቦታ ላይ እንደዚያ ያለ ጭነት እንዲሸከም አልተሠራም።

ባለ ክንዱ አሞርዛተር ደካማ ስለሆነ አይደለም የቀረው። ኤምጂቢ የሚባለው የእንግሊዝ ስፖርት መኪና እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1980 እስኪያበቃ ድረስ በዚሁ ነው የተሠራው። አስቶን ማርቲን ዲቢ5 እንኳ ከኋላ ባለ ክንድ አሞርዛተር ነበረው። ችግሩ አንድ ነው፤ ቦዲው አልሚኒየም ነው፣ ሻፍቱም በቀጥታ አልሚኒየሙ ውስጥ ይዞራል። ዘይት ሲጎድልና አቧራ ሲገባ አልሚኒየሙ ይበላል።

እዚህ ያለው አሠራር መለዋወጥ ነው። አሮጌውን ትሰጣቸዋለህ፣ የታደሰ ይሰጡሃል። ከአዲስ አበባ አሮጌውን መላክ፣ የታደሰውን ማስመጣት ይቻላል፤ ጭነቱና ቀረጡ ግን ከዕቃው ይበልጣል። ሌላው ነገር፣ ሁሉም «የታደሰ» አንድ አይደለም። አንዳንዱ አጥቦ፣ ሲል ቀይሮ፣ ቀለም ቀብቶ ነው የሚሸጠው። በሥርዓት የታደሰ ማለት ቀዳዳው ሰፍቶ ቡሺንግ (ሻፍቱ የሚዞርበት የብረት እጅጌ) የገባበትና ዘመናዊ ባለ ከንፈር ሲል የተቀመጠበት ነው። ይህን ደግሞ ጥሩ ቶርኖ ያለው ሰው አዲስ አበባም ይሠራዋል።

---

ቶርኖ_ተክለሃይማኖት · ረቡዕ፣ ጠዋት 3:40

ይሠራል። እኔ ለኤምጂም፣ ለኦስቲንም ሠርቻለሁ፤ ሞሪስም ከዚያ አይለይም። እህቴ፣ ለማንም ብታሠሪው እንዴት እንደሚሠራው ጠይቀሽ እንድትሰጪ ሂደቱን ልጻፍልሽ።

ከሁሉ በፊት ቦዲው በላምባና በሽቦ ብሩሽ ይታጠባል። ሳይከፈት ነው የሚታጠበው፤ አንድ ፍሬ አሸዋ ቫልቩ ውስጥ ከገባ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው። ከዚያ የላይ ክዳኑ ይፈታል። ጓርኒሲዮኑ (የክዳኑ ማሸጊያ) ሁልጊዜ ይቀደዳል፤ ከወረቀት አዲስ ይቆረጣል። ክንዱም፣ ውስጥ ያለው ፒስተኖቹን የሚገፋው ክራንክም ሻፍቱ ላይ በጥርስ ተጨንቀው የገቡ ናቸው። በመዶሻ አይወጡም። መዶሻ የነካው ቦዲ ተሰንጥቆ መጥቶልኛል፤ የተሰነጠቀ አልሚኒየም ተበይዶም እንደ ቀድሞው አይሆንም። በፕሬስ፣ ቦዲው ከታች በደንብ ተደግፎ ነው የሚወጣው።

ከመውጣቱ በፊት ምልክት! ክንዱ ሻፍቱ ላይ የት ጥርስ ላይ እንዳለ፣ ክራንኩም የት እንዳለ በመስመር ይጫራል። አንድ ጥርስ ዘሎ ከገባ ክንዱ ጉዞውን ሳይጨርስ ፒስተኑ ጫፍ ይመታል። ጉድጓድ ላይ የሚሰበረው ያኔ ነው።

አሁን ዋናው ሥራ። የተበላው ቀዳዳ ክብ አይደለም፤ ጭነቱ በአንድ ወገን ስለሆነ እንቁላል ቅርጽ ይይዛል። ብዙ ቶርኖ ቤት የሚስተው እዚህ ላይ ነው። የተበላውን ቀዳዳ መሀል አድርጎ ካሰፋው ሻፍቱ ከትክክለኛ ቦታው ይዛወራል። መሀሉ መያዝ ያለበት ካልተበላው ጠርዝ ነው፤ ሻፍቱ ያልደረሰበት ንጹሕ ጠርዝ ሁልጊዜ ትንሽ ይተርፋል። ባለ ቆጣሪ መለኪያውን (ሰዓት የምንለውን) እዚያ ላይ አስቀምጬ ነው የማስተካክለው። ሁለቱ ቀዳዳዎች ደግሞ ቦዲው ከማሽኑ ሳይፈታ በአንድ አያያዝ ነው የሚሰፉት። አንዱን ሠርተሽ ገልብጠሽ ሌላውን ከሠራሽ አንድ መስመር ላይ አይውሉም፣ ሻፍቱም ይጨነቃል።

ቡሺንጉን ከድፍን ነሐስ ነው የምቆርጠው። አልሚኒየም ሲሞቅ ከነሐስ ይበልጥ ይሰፋል። ስለዚህ ቡሺንጉ ጠበቅ ብሎ መግባት አለበት፤ ላላ ብሎ ከገባ ሞቃት ቀን ከቦታው ይዞራል። ቦዲውን በምድጃ 120 ዲግሪ አካባቢ አሞቃለሁ፣ ቡሺንጉን ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳድራለሁ። በዚያ ጊዜ በቀላል ግፊት ይገባል። በኦክሲጅን እሳት ማሞቅ አይሆንም፤ አንድ ጎን ይግልና ቦዲው ይጣመማል።

ቡሺንጉ ሲገባ ውስጡ ትንሽ ይጠባል። ስለዚህ የውስጡ ልክ የሚጨረሰው ከገባ በኋላ ነው። በሻፍቱና በቡሺንጉ መሀል የሚቀረው ክፍተት በመቶኛ ሚሊሜትር ነው የሚቆጠረው። ሻፍቱን ዘይት ቀብቶ በጣት ሲያዞሩት ያለ ጉልበት መዞር አለበት፤ ወደ ጎን ሲገፉት ግን ምንም መሰማት የለበትም።

---

ሞሪስ_ፒያሳ · ረቡዕ፣ ጠዋት 5:15

ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ። እንዲህ የሚያስረዳ ሰው ነው የፈለግሁት። ሻፍቱ ራሱ ቢበላስ? አዲስ ሻፍት ይቆረጣል?

---

ቶርኖ_ተክለሃይማኖት · ረቡዕ፣ ቀን 7:00

ጥርሱ ስላለበት አዲስ መቁረጥ ብዙ ሥራ ነው፤ ብረቱም በልኩ መጠንከር አለበት። ብዙ ጊዜ ሻፍቱ ትንሽ ነው የሚበላው፤ ሲሉ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ቀለበት ይሠራል። ቀለበቱ እስኪጠፋ ትንሽ ይታረድና (ላዩ በማሽን ይቀነስና) ይለሰልሳል። ከዚያ ቡሺንጉ በአዲሱ የሻፍት ልክ ይሠራል። በጣም ከተጎዳ ክሮም አስደርጎ በመሞረድ ወደ ድሮው ልክ መመለስ ነው።

---

አንጋፋ_መካኒክ · ረቡዕ፣ ማታ 12:50

ክሮሙን እኔ አልመክርም። ለጌጥ የሚነከረው ስስ ክሮም ከሆነ ይላጣል። የተላጠው ቅርፊት ዘይቱ ውስጥ ገብቶ ቫልቩን ይዘጋል። ለማሽን የሚሆነውን ወፍራም ክሮም በትክክል የሚሠራ ካላገኙ ሻፍቱን ማሳነስና ቡሺንጉን ማጥበብ ይሻላል።

---

ቶርኖ_ተክለሃይማኖት · ረቡዕ፣ ማታ 1:30

ጋሼ፣ በዚህ እስማማለሁ። ያልኩት የማሽኑን ክሮም ነው። ግን ሻፍቱ ከልክ በላይ ከታረደ የላይኛው ጠንካራ ቆዳ ይሄድና ከውስጥ ለስላሳው ብረት ይቀራል። እሱም ቶሎ ይበላል። ስለዚህ ወሰን አለው። ሻፍቱን ሳላይ ይህን ወይም ያንን አልልም።

---

ቮልስ_ካዛንቺስ · ረቡዕ፣ ማታ 2:10

ይቅርታ በመሀል ስገባ። የኔ ቮልስ የ1967 ናት፤ ከኋላ ትወዛወዛለች። የሷም እንዲህ ነው የሚሠራው?

---

በርሚንግሃም_ሐበሻ · ረቡዕ፣ ማታ 2:40

አይደለም። ባለ ክንድ አሞርዛተር የነበራቸው የመጀመሪያዎቹ ቮልሶች ናቸው። ያንተ ከፊትም ከኋላም ቴሌስኮፒክ ነው። አይታደስም፤ ይቀየራል። ሲቀየር ጥንድ ጥንዱን ቀይር።

---

ሞሪስ_ፒያሳ · ቅዳሜ፣ ከሰዓት 9:20

ዛሬ ቀኙን አወለቅን። ለሌሎችም እንዲጠቅም ያየሁትን ልጻፍ።

ቶርሽን ባሩ የተወጠረ ስለሆነ የታችኛውን ክንድ በክሪክ ደግፈን ነው ላይኛውን የፈታነው። ክንዱ ሲላቀቅ ጎማ ተሸካሚው ወደ ውጭ ሊወድቅ ይፈልጋል፤ የፍሬን ቱቦው እንዳይወጠር በሽቦ አሰርነው። አሞርዛተሩን የያዙት ብሎኖች ሥር የሚታጠፍ የቆርቆሮ መቆለፊያ አለ። አንዱ ጋ መቆለፊያው ጠፍቶ ብሎኑ በእጅ ነው የተፈታው። ድምፁ በከፊል ከዚያም ይመጣ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ቶርኖ ቤት ሲከፈት ቆሜ አየሁ። ውስጡ የነበረው ዘይት ጥቁርና ዝልግልግ ነው፤ ግርጌው ላይ እንደ ብር የሚያብረቀርቅ ደቃቅ ዱቄት ተቀምጧል። ቶርኖው ልጅ በጣቱ አንስቶ አሳየኝ፤ የተበላው አልሚኒየም ነው። ሻፍቱ ላይ በጥፍሬ ስሄድበት የሚይዝ ቀለበት አለ። ቀዳዳው በካሊፐር ሲለካ ከላይ ወደ ታች ያለው ከጎን ወደ ጎን ካለው ይሰፋል፤ ልክ ወንድማችን እንዳለው። ፒስተኖቹና ሲሊንደሮቹ ግን ንጹሕ ናቸው፤ ጭረት የለባቸውም።

---

ቶርኖ_ተክለሃይማኖት · ቅዳሜ፣ ማታ 1:05

ፒስተኖቹ ደህና መሆናቸው ትልቅ ነገር ነው። የሚሠራ ዕቃ ነው ያለሽ።

ሁለት ነገር ተቆጣጠሪ። አንደኛ፣ ሲሉ የሚያርፍበት ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ሲለሰልስ ወረቀቱ ሻፍቱ ላይ ወደ ጎን መሄድ የለበትም። ሻፍቱ እየዞረ ወረቀቱ አንድ ቦታ ይቆማል፤ ከ600 ጀምሮ ወደ ደቃቁ። ወደ ጎን ከሄደ ጠመዝማዛ ጭረት ይቀራል። ያ ጭረት ሻፍቱ በዞረ ቁጥር ዘይቱን እየገፋ ከሲሉ ሥር ያወጣዋል። በዓይን አዲስ የሚመስል ሥራ በሳምንቱ የሚያፈሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛ፣ ሲሉ የሚገባበት አቅጣጫ። ትንሿ ክብ ሞላ ያለችበት ጎን ወደ ዘይቱ፣ ወደ ውስጥ ነው የምትዞረው። ውድ ሲል አያስፈልግም። ሻፍቱ ያለው ከፒስተኖቹ በላይ፣ የዘይት ማጠራቀሚያው ውስጥ ነው፤ ትልቁ ግፊት ያለው ከፒስተኖቹ በታች ነው። ስለዚህ ተራው የናይትራይል ላስቲክ ሲል ይበቃል፤ ሻፍቱ እስካልተነቃነቀ ድረስ። የሻፍቱን ስፋት፣ የውጭውን ስፋትና ውፍረቱን በሚሊሜትር ይዘሽ ከሄድሽ የኩሽኔታ ሱቆች ያገኙልሻል። ለሲሉ ቦታ ሲቆረጥ ግን ግድግዳው ስስ ነው። መጀመሪያ ሲሉን ገዝተሽ ለቶርኖው ስጪው፤ እሱ በሲሉ ልክ ይቁረጥ።

---

ጎማ_በጎማ · ቅዳሜ፣ ማታ 1:40

እኔም ብዙ ተማርኩ። ዘይቱስ ታዲያ ከየት ይገኛል? ለአሞርዛተር ተብሎ የሚሸጥ አይቼ አላውቅም። የፍሬን ዘይት ይሆናል የሚሉ አሉ።

---

አንጋፋ_መካኒክ · ቅዳሜ፣ ማታ 2:25

የፍሬን ዘይት በፍጹም። የፍሬን ዘይት ማዕድን ዘይት አይደለም። ሻፍቱን አያለሰልስም፣ የናይትራይል ሲሉን ያሳብጠዋል፣ የነካውን ቀለም ይልጣል። የሞተር ዘይትም አልወድም፤ ውስጡ ያለው ማጽጃ አረፋውን ይዞ ያቆየዋል። አረፋ ደግሞ ይታመቃል፤ ቫልቩ ላይ ኃይል የለውም።

የሞተር ሳይክል የፊት ሹካ ዘይት 20 ቁጥር ካገኛችሁ ከሁሉ ይሻላል፤ አረፋ እንዳይዝ ተብሎ የተሠራ ነው። ካላገኛችሁ የሃይድሮሊክ ዘይት 46 ወይም 68 በየዘይት መሸጫው አለ። በውፍረት ከኤስኤኢ 20 ብዙም አይርቅም። አሮጌው ከሌላ ዘይት ጋር እንዳይቀላቀል ውስጡን አጥባችሁ ሙሉ።

አሞላሉ ይህ ነው። አሞርዛተሩን ሞርሳ ላይ ቀጥ አድርገሽ ያዢው፤ የሚያዘው በብሎን መግቢያ ጆሮው ነው፣ ሲሊንደሩን አትጨብጪው። ዘይት ጨምሪ። ክንዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ቀስ እያልሽ አመላልሺው። መጀመሪያ ላይ መሀል መንገድ ላይ ባዶ ቦታ ይሰማሻል፤ አየር ነው። አረፋው በመሙያው ቀዳዳ ይወጣል። ዘይት ጨምሪ፣ እንደገና አመላልሺ። ባዶው ቦታ ጠፍቶ ክንዱ በሁለቱም አቅጣጫ አንድ ወጥ ሆኖ ሲከብድሽ አየሩ አልቋል። ዘይቱ እስከ መሙያው ቀዳዳ ግርጌ ነው፤ እስከ አፉ አይደለም። ሲሞቅ የሚሰፋበት ቦታ ይፈልጋል።

አየሩ ወጥቶም በአንድ አቅጣጫ ብቻ ክንዱ ነፃ ከሄደ ቫልቩ ነው። ከታች ፈትተሽ አውጪው፣ እጠቢው፣ ሞላው ተሰብሮ እንደሆነ እዪ። ሞላውን ለማጠንከር ሮንዴላ የሚጨምሩ አሉ። ለውድድር መኪና ይሆናል። ለከተማ መንገድ ፋብሪካው የሠራውን አትንኪ።

ከሞላሽ በኋላ እስኪገጠም ድረስ አታጋድሚው። ተሸክመሽ ስትወስጂም ቀጥ አድርገሽ። ካጋደምሽው አየሩ ተመልሶ ይገባል።

---

ካዛንቺስ_ጋራዥ · እሑድ፣ ጠዋት 4:10

ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። እንደዚህ ከታደሰ በኋላ በስንት ጊዜ ይታያል? ደንበኛ ሲመጣ ምን ልበለው?

---

አንጋፋ_መካኒክ · እሑድ፣ ጠዋት 5:00

የሞተር ዘይት ስትቀይር አብረህ ክፈተው። መሙያውን ከመፍታትህ በፊት ዙሪያውን በጨርቅ ጥረግ፤ አለበለዚያ አቧራውን ራስህ ነህ የምታስገባው። ትንሽ መጉደል ያለ ነው። በየጊዜው የሚጎድል ከሆነ ግን መሙላቱን ተውና ሻፍቱን እይ። ደንበኛውንም እንደዚያ በለው፤ ዘይት እየሞሉ መሸኘት መኪናውን በዝግታ መግደል ነው።

---

ሞሪስ_ፒያሳ · ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሐሙስ ማታ 2:30

ሁለቱም ታድሰው ገብተዋል። ሻፍቶቹ ታርደው ለስልሰዋል፤ ክሮም አላስፈለገም። ቡሺንጉ ድፍን ነሐስ፣ ዘይቱ ሃይድሮሊክ 46። የብሎኖቹን መቆለፊያ ከቆርቆሮ አዲስ አስቆርጠን አጥፈናል።

ጥግዋን በእጄ ተጭኜ ስለቃት ትነሳና እዚያው ትቆማለች። ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ አራት ኪሎ ሽቅብ፣ ከዚያ ተመልሼ ቸርችልን ቁልቁል ነዳኋት። ፍሬን ስይዝ አፍንጫዋ አንድ ጊዜ ዝቅ ብሎ ይረጋል። መሪው ደግሞ ቀለል ብሏል፤ ይህን አልጠበቅሁም ነበር። ቦዲውን በየቀኑ በነጭ ጨርቅ እጠርገዋለሁ፤ እስካሁን ደረቅ ነው።

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አባቴ ይህችን መኪና በእጁ ነበር የሚጠብቃት፤ አሁን እንዴት እንደምጠብቃት አውቄያለሁ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። የፊቱ ዝም ሲል የኋላው ድምፅ ተሰማኝ። ከኋላ አሞርዛተሩን ከባሌስትራው መያዣ ጋር የሚያገናኘው አጭር ዘንግ ላይ ያሉት ጎሚኒዎች (የላስቲክ ቡሺንጎች) ተሰነጣጥቀዋል። አሞርዛተሮቹ ራሳቸው አያፈሱም፣ ክንዳቸውም አንድ ወጥ ይከብዳል። ጎሚኒውን ብቻ ብቀይር ይበቃል?

---

ቶርኖ_ተክለሃይማኖት · ሐሙስ፣ ማታ 3:00

እንኳን ደስ አለሽ እህቴ። ጎሚኒው ይበቃል። አሮጌውን ይዘሽ ሶማሌ ተራ ሂጂ፤ በልኩ የሚሄድ የሌላ መኪና ጎሚኒ ይገኛል። የውስጡ ቀዳዳ ልክ መሆን አለበት፤ የውጭው ትንሽ ቢበልጥ ይቆረጣል።

---

አንጋፋ_መካኒክ · ሐሙስ፣ ማታ 3:35

ልጄ፣ የኋላው ከፊቱ ይቀላል። እዚያ አሞርዛተሩ አሞርዛተር ብቻ ነው፤ ጎማውን የያዘው ባሌስትራው ነው። ስለዚህ ያለ ሥጋት ራስሽ ትሠሪዋለሽ።

አንድ ነገር ብቻ። ዳዶዎቹን መጨረሻ የምታጠብቂው መኪናዋ ከክሪክ ወርዳ በጎማዋ ላይ ከቆመች በኋላ ነው። ተንጠልጥላ ሳለች ካጠበቅሽው ጎሚኒው በተጠማዘዘበት ይቀራል፤ መሬት ስትነካ ይወጠርና ቶሎ ይሰነጠቃል። የአሞርዛተሩን ሁለት ብሎኖችም እግረ መንገድሽን እዪያቸው፤ መላላት ልማዳቸው ነው።

---

ሞሪስ_ፒያሳ · ሐሙስ፣ ማታ 3:50

እሺ ጋሼ። ቅዳሜ ጠዋት ጎሚኒውን ገዝቼ ከሰዓት እንገጥመዋለን። የግራው ከቀኙ የባሰ ስለሆነ ከግራ እጀምራለሁ።